ለቡናው የተጠነቀቅነውን ያህል ለልጅቷ

የጅማ ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም፡፡ ፀሐይዋ አናት ላይ እያለች ሰማዩ ድንገት ይጠቁርና ጃንጥላ የያዘውንም ያልያዘውንም እኩል ያበሰብሳል፡፡ ባለፈው ክረምት ከሄርማታ ገበያ ስንመለስ እኛንም እንዲሁ መንገድ ላይ ያዘን፡፡ አራት ነበርን፡፡ ወደ መጀመሪያው የተከፈተ በር ሮጠን ገባን፡፡ ካፌ ነው፡፡ ስሙን አንጠራም፤ እንደሱ ያለውን ቤት ጅማ ላይ ብቻ ሳይሆን አጋሮም፣ ሊሙ ገነትም፣ ሰቃም እናውቀዋለንና፡፡

ውስጡን እንደኛው ከዝናብ የሸሸ ሰው ሞልቶታል፡፡ መስኮቱ ውሃ እንዳይገባ ተዘግቷል፡፡ አምስት ስድስት ሰው ያጨሳል፡፡ ጭሱ መውጫ አጥቶ ኮርኒሱ ሥር ተንሳፏል፡፡ ግድግዳው ላይ ‹‹ማጨስ ክልክል ነው›› የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ በጭስ ብዛት ቢጫ ሆኗል፡፡ ከወረቀቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ጢም ብሎ የሞላ መተርኮሻ ተቀምጧል፡፡ ፎቶ ልናነሳው አስበን ነበር፤ አፍረን ተውነው፡፡

ከመካከላችን አንዷ አስም አለባት፡፡ ሳሏ ሲነሳባት አጠገባችን ለተቀመጡ ሽማግሌ ‹‹አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ጓደኛችንን ጭሱ እያመማት ነው›› አልናቸው፡፡ ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው፡፡ ወዲያው ተረኮሱት፡፡ ‹‹ውይ ልጆቼ፣ ልብ አላልኩም እኮ! ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ምናለ?›› አሉን፡፡ ከዚያ ስለ ዝናቡና ስለ ዘንድሮው ቡና አጫወቱን፡፡ የተቀሩት አጫሾች ግን አልሰሙንም፤ እኛም ቤቱን ሙሉ እየዞርን የመለመን ወኔ አልነበረንም፡፡

ቡናውን ያቀረበችልን ልጅ ይህን ሁሉ ቆማ ታይ ነበር፡፡ ዕድሜዋ ቢበዛ ሃያ ነው፡፡ ሂሳብ ልንከፍል ስንል ሳቅ ብላ ‹‹እናንተስ ዝናቡ ሲያባራ ትወጣላችሁ፤ እኔ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት እዚሁ ነኝ›› አለችን፡፡ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምትገባ ጠየቅናት፡፡ ‹‹አሥራ ሁለት ተኩል›› አለች፡፡ ጭሱ አያምሽም ወይ አልናት፡፡

‹‹ለምጄዋለሁ፡፡››

ይህንን የምንጽፈው ስለ ሽማግሌው አይደለም፡፡ ስለ ጓደኛችን አስምም አይደለም፤ እሷ ሌላ ካፌ መሄድ ትችላለች፡፡ የምንጽፈው በቀን አሥራ አራት ሰዓት ተኩል የሌላ ሰው ጭስ እየተነፈሰች ‹‹ለምጄዋለሁ›› ስላለችው ልጅ ነው፡፡ ለእኛ ካፌ የሆነው ቤት ለእሷ መሥሪያ ቤቷ ነው፡፡ ክርክራችን በሙሉ እዚች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የተንጠለጠለው፡፡

ሕጉማ አለ

ብዙ ሰው የማያውቀውን እንናገር፡፡ ሲጋራ በቤት ውስጥ የሥራ ቦታ ማጨስ ኢትዮጵያ ውስጥ ‹‹ነውር›› ብቻ ሳይሆን ሕገ ወጥ ነው፡፡ አገራችን የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ1996 ዓ.ም ፈረመች፤ ለማጽደቅ አሥር ዓመት ፈጅቶባት በ2006 ዓ.ም አጸደቀችው፡፡ (አሥር ዓመት! እኛ ስትፈርም ፊደል እየቆጠርን ነበር፡፡) በ2007 የትምባሆ ቁጥጥር መመሪያ ወጣ፡፡ ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን አጸደቀ፡፡

አዋጁ የሚለው ግልጽ ነው፡፡ ጣሪያና ግድግዳ ያለው የሥራ ቦታ፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ቤት፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ ሁሉም ከጭስ ነፃ ይሁን ይላል፡፡ ካፌውም፣ ሆቴሉም፣ መጠጥ ቤቱም፣ ሚኒባሱም እዚህ ውስጥ ናቸው፡፡ ከበርና ከመስኮት አሥር ሜትር ሳይርቁ ማጨስም ክልክል ነው፡፡ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከሆነ ደጅም ቢሆን አይቻልም፡፡ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ አይሸጥም፡፡ በፍሬ እየነጠሉ መቸርቸር አይፈቀድም፡፡ ማስታወቂያ የለም፡፡ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጭራሽ ለገበያ መቅረብ የለባቸውም፡፡ ፓኬቱ ላይ 70 በመቶውን ቦታ የሚይዝ የማስጠንቀቂያ ሥዕል ይውጣ ብሏል፡፡

እንግዲህ ይህን ሕግ ይዛችሁ ጅማ ላይ ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ባለው መንገድ አንድ ጊዜ በእግራችሁ ሂዱ፡፡ ከአንቀጾቹ ስንቱ እንደሚፈጸም፣ ስንቱ እንደማይፈጸም በጣታችሁ እየቆጠራችሁ ሂዱ፡፡ እኛ ሞክረነዋል፡፡ የሁለት እጃችን ጣት አልበቃንም፡፡

አምስቱ ያጨሳሉ፣ ሠላሳው ይተነፍሰዋል

‹‹ሰው ሁሉ ያጨሳል፣ ምን ታደርጉታላችሁ?›› የሚሉን አሉ፡፡ እውነቱ ግን ሌላ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 በመላ አገሪቱ በዐዋቂዎች ላይ በተደረገው የትምባሆ ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ ኢትዮጵያዊ አምስቱ ብቻ ነው፡፡ ዘጠና አምስቱ አይጠቀምም፡፡ እንግዲህ ‹‹ሰው ሁሉ›› የተባለው አምስት ሰው ነው ማለት ነው፡፡

ያው ጥናት ሌላ ነገርም አሳይቷል፡፡ በቤት ውስጥ የሥራ ቦታ ከሚሠሩት መካከል ሠላሳ በመቶ ገደማው ሥራ ላይ እያለ ለሌላ ሰው ጭስ ይጋለጣል፡፡ መጠጥ ቤትና የምሽት ክበብ ከሚሄደው ደግሞ ስድሳ በመቶ ያህሉ፡፡ ነገሩን ባጭሩ ብናስቀምጠው ጥቂቱ ያጨሳል፣ ብዙው ይተነፍሳል፡፡ ደንበኛው ለአንድ ሰዓት ይተነፍሳል፤ አስተናጋጇ ለአሥራ አራት ሰዓት፡፡

‹‹ታዲያ ለአጫሾች ጥግ እንስጣቸው፣ አየር ማስወጫ እናስገባ›› የሚል የሽምግልና ሐሳብም ይመጣል፡፡ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፡፡ ነገር ግን የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣን (ሰርጂን ጄኔራል) እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ትልቅ ሪፖርት፣ ከሌላ ሰው ሲጋራ የሚመጣ ጭስ ጉዳት የሌለው መጠን እንደሌለው፣ አጫሾችን በአንድ ቤት ውስጥ ለብቻ ማስቀመጥም ሆነ አየር ማስወጫ መትከል ችግሩን እንደማያስወግድ ደምድሟል፡፡ ደግሞስ ጥግ ላይ ላሉት አጫሾች ቡና የሚያደርሰው ማነው? ያቺው ልጅ ናት!

የዓለም ጤና ድርጅት በሚያወጣው ግምት ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፡፡ ከእነሱ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ፣ የሰው ጭስ የገደላቸው ናቸው፡፡ የእነዚህን ሰዎች ሞት ‹‹የራሳቸው ምርጫ›› ብሎ መዝጋት አይቻልም፡፡

ቀማሹና አስተናጋጇ

አሁን ወደ ቡናችን እንምጣ፡፡ ጅማ ላይ ስለ ምንም ነገር ተጽፎ ስለ ቡና ሳይነሳ አይቀርም፤ እኛም ወጉን አናፈርስም፡፡

ቡና ሽታ ይስባል፡፡ ይህን እኛ ሳንሆን ቡና ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ቡና ከጋዝ ወይም ከበርበሬ ጋር በአንድ ጎተራ አይቀመጥም፡፡ ጭስ አጠገብ የደረቀ ቡና ጭስ ጭስ ይላል፤ ቅምሻ ላይ ይያዛል፤ ደረጃውም ዋጋውም ይወርዳል፡፡ ቀማሹ ራሱ ወደ ቅምሻ ክፍል ሽቶ ተቀብቶ አይገባም፡፡ እዚያ ክፍል ውስጥ ሲጋራ ለማጨስ የሚሞክር ሰው ካለ ‹‹ማነው ይሄ እብድ?›› ተብሎ በአንገቱ ተይዞ ይወጣል፡፡ ለዚያ አዋጅ አላስፈለገም፤ የሚከስር ነገር አለና ሁሉም ይጠብቀዋል፡፡

እንግዲህ አስቡት፡፡ ያንን ቡና እሸት ሆኖ ሲለቀም፣ ሲታጠብ፣ አልጋ ላይ ሲደርቅ፣ ሲበጠር፣ ሲቀመስ፣ በሄደበት ሁሉ ከጭስ ጠብቀነዋል፡፡ መጨረሻ ላይ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበና ገብቶ ሲቀዳ፣ የምትቀዳው ልጅ ጭስ ውስጥ ቆማለች፡፡ ለፍሬው የጠነቀቅነውን ለሰው ሳንባ አልተጠነቀቅንም፡፡ ፍሬው ዶላር ያመጣል፤ ልጅቷስ?

‹‹የጅማ ሰው ልማዱን አይለውጥም›› የሚለውንም የሚያፈርሰው ይኸው ቡናችን ነው፡፡ ‹‹ጅማ 5›› የሚባለው የደረቅ ቡና ደረጃ በዓለም ገበያ ለረጅም ጊዜ የርካሽ ቡና ስም ነበር፡፡ ከዚያ በአጋሮ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ማኅበር እያቋቋሙ፣ የቀላውን ብቻ እየለቀሙ፣ እያጠቡ፣ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ አልጋ ላይ እያደረቁ ማቅረብ ጀመሩ፡፡ ከእነሱ አንዱ፣ ዱሮሚና የተባለው ማኅበር፣ ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ፡፡ አባቶቻችን ከአያቶቻቸው የወረሱትን የአደራረቅ ልማድ የለወጡት ጥቅሙን ስላዩ ነው፡፡ መተርኮሻ ከጠረጴዛ ማንሳት ከዚያ ይከብዳል?

ሕግ ከአዲስ አበባ፣ መተርኮሻው ከጅማ

እዚህ ላይ የአካባቢ አስተዳደር ጉዳይ ይመጣል፡፡ አዋጅ አዲስ አበባ ይጸድቃል፡፡ አራት ኪሎ የተቀመጠ ሰው ግን ጅማ መጥቶ መተርኮሻ አያነሳም፡፡ ይህን ማድረግ ያለበት ለካፌው ፈቃድ የሚሰጠው፣ ፈቃዱን የሚያድሰው፣ ንጽሕናውን የሚያየው የከተማው ሰው ነው፡፡

አንድ ከተማ ቆርጦ ሲነሳ ከአገሩ ሊቀድም እንደሚችል መቀሌ አሳይታለች፡፡ በ2007 ዓ.ም፣ ማለትም የ2011ዱ አዋጅ ሳይወለድ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የመቀሌ ከተማ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ማጨስን ከለከለች፡፡ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ከተማ ተባለች፡፡ የታሪክ ነገር ሆኖ ትምባሆን በጥብቅ በመከልከል የሚታወቁት አፄ ዮሐንስ 4ኛም ቤተ መንግሥታቸው መቀሌ ነበር፡፡ የንጉሡ ቅጣት ከንፈርና አፍንጫ እስከ መቁረጥ ይደርስ እንደነበር ይወራል፡፡ እኛ እዚያ ድረስ አልሄድንም! የማንንም ከንፈር አንፈልግም፤ የምንፈልገው መተርኮሻውን ብቻ ነው፡፡

ከባሕር ማዶም አንድ ትንሽ ከተማ እንጥራ፡፡ ሄለና የአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ በነዋሪ ብዛት ጅማን አታክልም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2002 የከተማዋ አስተዳደር በሥራና በሕዝብ ቦታዎች ማጨስን ከለከለ፡፡ ክልከላው የቆየው ስድስት ወር ብቻ ነው፤ በፍርድ ቤት ታገደ፡፡ ታዲያ በዚያ ስድስት ወር ውስጥ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሆስፒታል የሚገባው የከተማዋ ሰው በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ፤ ሕጉ ሲታገድ ቁጥሩ መልሶ ወጣ፡፡ ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ብዙዎች ተጠራጥረውት ነበር፡፡ በኋላ በሌሎች ከተሞችና አገሮች በሰፊው ሲጠና፣ ቅናሹ እንደ ሄለና ባይገዝፍም እውነት ሆኖ ተገኘ፡፡ ይህን ያደረገው የአንድ ከተማ ምክር ቤት ውሳኔ ነው፡፡

‹‹እኔስ ሳንባ የለኝም?››

አሁን የሚነሱብንን ክርክሮች አንድ በአንድ እንያቸው፡፡ ጓደኞቻችን ውስጥ አጫሾች ስላሉ ክርክሩን በነፃ ተለማምደናል፡፡

አንደኛው የነፃነት ክርክር ነው፡፡ ‹‹ሳንባው የራሴ ነው፣ ምን አገባችሁ?›› ልክ ነው፤ አያገባንም፡፡ ሕጉም አጭስ አታጭስ አይልም፡፡ እዚህ አታጭስ ነው የሚለው፡፡ ጓዳህ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ፣ ከበሩ አሥር ሜትር ርቀህ የፈለግኸውን አድርግ፡፡ (በጅማ ዝናብ አሥር ሜትር ረጅም መንገድ መሆኑን እናውቃለን፡፡ ኡጋንዳውያን በ2015ቱ ሕጋቸው ሃምሳ ሜትር ነው ያሉት፤ ስለዚህ አመስግኑ፡፡)

ሁለተኛው የገበያ ክርክር ነው፡፡ በኅዳር ወደዚያው ካፌ ተመልሰን ባለቤቷን አነጋገርን፡፡ ‹‹እትዬ፣ ለምን አይከለክሏቸውም?›› አልናቸው፡፡ የመለሱልን መልስ ከአንድ የሕግ መጽሐፍ ይበልጣል፡፡ ‹‹ልጆች፣ እኔ ብቻዬን ብከለክል ደንበኛዬ ተነስቶ ማዶ ካለው ቤት ይገባል፡፡ ሁሉም ከከለከለ ግን የት ይሄዳል? ያኔ ደስታውን አልችለውም፡፡ እኔስ ሳንባ የለኝም?›› የአካባቢ አስተዳደር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፡፡ አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢጀግን ይከስራል፤ ሁሉም እኩል ቢታዘዝ ማንም አይከስርም፡፡ አየርላንድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 መጠጥ ቤቶቿን ጨምራ የሥራ ቦታዎችን ከጭስ ነፃ ስታደርግ ‹‹የአየርላንድ መጠጥ ቤት አለቀለት›› ተብሎ ነበር፡፡ ከሃያ ዓመት በኋላም መጠጥ ቤቶቹ አሉ፤ ሰውም ይጠጣል፡፡

ሦስተኛው ጫት ነው፡፡ ጅማ ላይ ስለ ሲጋራ አውርቶ ጫትን መዝለል አይቻልም፡፡ ብዙ ወጣት የመጀመሪያዋን ሲጋራ የሚለኩሰው በርጫ ላይ ነው፡፡ ሌላ ቀን የማያጨሰው እንኳ ምርቃና ሲይዘው ‹‹አንዲት ስጡኝ›› ይላል፡፡ መቃሚያ ቤቱ ደግሞ መስኮቱ የተዘጋ፣ መጋረጃው የወረደ ነው፡፡ እኛ ስለ ጫት ዛሬ አንፈርድም፤ ያ ሌላ ጽሑፍ ነው፡፡ ነገር ግን መቃሚያ ቤትም ገንዘብ ተከፍሎበት ሕዝብ የሚገለገልበት፣ ሰው ተቀጥሮ የሚሠራበት ቤት ነው፡፡ ሕጉ ካፌው ላይ ሠርቶ እዚያ በር ላይ የሚቆምበት ምክንያት የለም፡፡

አራተኛው ‹‹ስንት ችግር ባለበት አገር ስለ ሲጋራ ታወራላችሁ?›› የሚለው ነው፡፡ ኑሮ ውድ ነው፣ ሥራ የለም፣ ሰላምም ባጣንባቸው ዓመታት ብዙ ከፍለናል፡፡ እናውቃለን፡፡ ነገር ግን ሥራ ስለጠፋ እኮ ነው ልጅቷ ከጭስ ቤት መውጣት ያልቻለችው፡፡ ሥራ ቢኖርማ ‹‹ለምጄዋለሁ›› ከማለት ‹‹ሌላ ቦታ እገባለሁ›› ትል ነበር፡፡ ምርጫ የሌለውን ሰው ነው ሕግ ሊጠብቀው የሚገባው፡፡ ደግሞም መተርኮሻ ለማንሳት በጀትም፣ የውጭ ምንዛሪም፣ ጥናታዊ ጉዞም አያስፈልግም፡፡

አምስተኛው የዕጣን ነገር ነው፡፡ ‹‹ዕጣኑስ፣ ከሰሉስ ጭስ አይደለም?›› አለን አንድ ወዳጃችን፡፡ ይሄኛው እውነት ስለሆነ አንሸሸውም፡፡ ጭስ ጭስ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰልም ሳንባን አይምርም፡፡ መስኮት መክፈትን የለመደ ቤት ለሁሉም ይጠቅማል፡፡ ነገር ግን ‹‹ሌላም ጭስ አለ›› ማለት ‹‹ስለዚህ ይሄን እንጨምርበት›› ማለት አይደለም፡፡

ስድስተኛውን ክርክር ያነሳነው ራሳችን ነን፡፡ እውነት ለመናገር ከሁሉም የሚያስፈራን እሱ ነው፡፡

ጀብሎውን አትንኩት

አስተዳደሩ አንድ ቀን ተነስቶ ‹‹ሕጉን እናስፈጽም›› ቢል መጀመሪያ የሚያዘው ማን ይመስላችኋል? ትልቁ ሆቴል አይደለም፡፡ ጀብሎው ነው፡፡ ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ካርድና ሲጋራ በትንሽ ሳጥን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረው የአሥራ ሦስት፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፡፡ ሕጉ ሲጋራ እንዳይሸጥለት የሚከለክለው ልጅ ራሱ ሻጭ ሆኗል፡፡ ሳጥኑን ቀምቶ፣ ልጁን በጥፊ ብሎ፣ ‹‹ሕግ አስከበርን›› የሚል ሪፖርት መጻፍ ቀላል ነው፡፡ እንዲህ ዓይነቱን ሕግ ማስከበር በብዙ ነገር አይተነዋል፤ አንፈልገውም፡፡

በሰንሰለቱ ጫፍ ያለው ልጅ ነው፤ በሌላው ጫፍ ያለውን ደግሞ እንይ፡፡ በንጉሡ ዘመን የመንግሥት ሞኖፖል ሆኖ የተቋቋመው የትምባሆ ድርጅታችን አብዛኛው ድርሻ ዛሬ የጃፓኑ ኩባንያ ነው፡፡ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 አርባ በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2017 ደግሞ ተጨማሪ 31 በመቶ ያህሉን በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፡፡ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ! ከመቶው አምስት ሰው ብቻ ትምባሆ በሚጠቀምበት አገር እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ምን አይቶ ነው? በእኛ ግምት ያየው አምስቱን አይደለም፤ ገና ያልጀመሩትን ዘጠና አምስቱን ነው፡፡ ከእነሱም ውስጥ ወጣቱን፣ እኛንና ታናናሾቻችንን፡፡ ስለዚህ ቁጣ ያለው ሰው ቁጣውን ከጀብሎው ሳጥን ላይ ያንሳ፡፡

ምን ይደረግ?

‹‹ወጣቶች መተቸት እንጂ መፍትሔ አታውቁም›› እንዳንባል ለጅማ ከተማ አስተዳደርና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች የምንለው አራት ነገር አለ፡፡

አንደኛ፣ ከትልልቆቹ ጀምሩ፡፡ ሆቴሎቹ፣ መናኸሪያው፣ የመንግሥት ቢሮዎቹ ይቅደሙ፡፡ ራሱ ቢሮው ኮሪደር ላይ የሚጨስበት ኃላፊ ካፌ ሄዶ ሊቆጣጠር አይችልም፡፡

ሁለተኛ፣ ጉዳዩን ከንግድ ፈቃድ ዕድሳት ጋር አያይዙት፡፡ ‹‹መተርኮሻ የለም፣ ምልክቱ ተለጥፏል፣ ሠራተኞቹ ሕጉን ያውቃሉ›› የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች በዕድሳቱ ቅጽ ላይ ይግቡ፡፡ መጀመሪያ ማስተማር፣ ቀጥሎ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ፣ ቅጣት መጨረሻ ላይ፤ እሱም በደረሰኝ፡፡ ያለ ደረሰኝ የሚሰበሰብ ቅጣት ሕጉን ሳይሆን ኪስን ነው የሚጠብቀው፡፡

ሦስተኛ፣ በሁለቱም ቋንቋ ተናገሩ፡፡ ያየነው ቢጫ ወረቀት በአማርኛ ብቻ ነበር፡፡ ከገጠር ቡናውን ጭኖ የመጣው ገበሬ በአፋን ኦሮሞ ‹‹እዚህ አይጨስም›› ቢባል ይሰማል፤ በማያነበው ወረቀት ግን አይወቀስም፡፡ ሽማግሌውን አስታውሱ፤ ሲነገራቸው ወዲያው ነው የተረኮሱት፡፡

አራተኛ፣ ዩኒቨርሲቲውን ተጠቀሙበት፡፡ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም ከግብርና ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውህደት ሲወለድ ጀምሮ የሚኮራበት ነገር ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው፡፡ ተማሪዎቹ በየቀበሌው ወጥተው ሽንት ቤትና የውሃ ጉድጓድ ይቆጥራሉ፤ መተርኮሻም ይቁጠሩ፡፡ ማቆም የሚፈልግ አጫሽ የሚማከርበት፣ የማያሳፍር አንድ በርም ይከፈት፡፡ ከመካከላችን አንዱ ሦስት ጊዜ ለማቆም ሞክሮ ሦስት ጊዜ ተመልሷል፡፡ ሱስ በስድብ አይለቅም፡፡

ለእኛስ? ለእኛ ለአንባቢና ለጸሐፊዎች የቀረልን ትንሽ ነገር ናት፡፡ በሚቀጥለው ዝናብ ካፌ ስትገቡ መተርኮሻውን ከጠረጴዛችሁ አንሱና ለአስተናጋጇ ስጧት፡፡ ‹‹እኛ አንፈልገውም፣ ውሰጂው›› በሏት፡፡ አጠገባችሁ የሚያጨስ ካለ እንደ አባት ወይም እንደ ወንድም በትህትና ንገሩት፡፡ የሚሰማ ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው፡፡

በኅዳር ስንመለስ ልጅቷን አላገኘናትም፡፡ ‹‹ለቡና ለቀማ አገሯ ገባች፣ ሲያልቅ ትመጣለች›› አሉን ባለቤቷ፡፡ ደስ አለን፤ ቢያንስ ለሁለት ወር ንጹሕ አየር ትተነፍሳለች፡፡ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተንጠራራች የቀላውን እሸት ብቻ ትመርጣለች፡፡ ያ ፍሬ እስኪቀመስ ድረስ ጭስ እንዳይነካው ስንት ሰው እንደሚጠነቀቅለት ታውቅ ይሆን?

ስትመለስ መተርኮሻው ከዚያ ጠረጴዛ ተነስቶ ብታገኘው ምንኛ ደስ ባለን፡፡ እንዳለ ካገኘችውም ትለምደዋለች፡፡ እኛ ግን እንዳንለምደው፡፡